ከእህቴ ሙሾ የሰረዝኩት ስም

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ የምጽፈው እንዲደነቅልኝ አይደለም። የተበላሸሁት ሲደነቅልኝ ነው። በእኛ ቀበሌ ጎልምሶ የተማረ ሰው ሁለት ራስ ይዞ እንደተወለደ ጥጃ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወጥቶ ይታያል። ከወረዳ ሰው ሲመጣ ክንዴን ይይዙና፣ "ይኸውላችሁ፣ ትናንት በጣቱ ሲፈርም የነበረ ሰው ዛሬ ጋዜጣ ያነባል" ይላሉ። ጋዜጣውን ግን ያመጣልኝ የለም። የማነበው የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ነው። የምጽፈውም የጎረቤት ማመልከቻ ነው፤ የድንበር ክስ፣ የካሳ ጥያቄ፣ የጠፋ በሬ።

ገጣሚው የመጣ ጊዜም የሆነው ያው ነው። ሰውየው ከእኛው አገር የበቀለ ነው፤ በልጅነቱ ከመካነ ሰላም ወጥቶ ኑሮውን ደሴ ያደረገ፣ ስድሳን ያለፈ፣ አጭር፣ አንድ ጉልበቱን የሚያመው ሰው። ትምህርት ቤታችን አንዲት ክፍል አጽድቶ፣ ሁለት መደርደሪያ አቁሞ፣ ቤተ መጻሕፍት ብሎ ሊከፍት ነበርና መጥቶ ግጥም እንዲያነብ ጠሩት። ከዚያ ርእሰ መምህሩ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፣ ማሳዬ ድረስ መጣ።

"ጋሼ፣ እንግዳው ከንባቡ በፊት ጠዋት ተራራውን ልውጣ ብለዋል። መንገዱን የሚያውቅ፣ ደግሞም ከገጣሚ ጋር ቁም ነገር ማውራት የሚችል ሰው እንስጣቸው ብለን ተማከርን።"

"ተማክራችሁ እኔን አገኛችሁ?"

"ሌላ ማን አለን?"

"መንገዱንማ ፍየል ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል።"

"ፍየል ጠባቂ ስለ ግጥም ምን ያወራል ጋሼ?"

"ስለ ፍየል ያወራዋ። ይሻላል።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ውስጤ ግን ሌላ ነበር። ያን ቀን ማታ ኮቴን አጠብኩ። ገጣሚ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከገጣሚ ጋር ሲሄድ የሚያየኝ ሰው እንዲበዛም ፈለግሁ። በገበያ ቀን መንደሩን ከታች ዞሬ መውሰድ ስችል መሐል ለመሐል ይዤው ያለፍኩት ለዚያ ነው።

ገብሱ ገና መገርጣት የጀመረበት ወቅት ነው። ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አረጠበው። ሰውየው በየሃምሳ እርምጃው ይቆማል፤ ድካም እንዳይባልበት ነገር እየጠየቀ ነው የሚቆመው። ይቺ ዛፍ ማን ትባላለች? ያ ቆርቆሮ የሚያበራው የማን ቤት ነው? ያ የዐረብ አገር ቤት ነው እለዋለሁ። ያኛውስ? ያም የዐረብ አገር ነው። በሳር ቤት የቀረው ዐረብ አገር የሚልከው ልጅ የሌለው ሰው ብቻ ነው አልኩት። ይህንን ሲሰማ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። እኔ የተናገርኩትን ሰው ሲጽፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁልጊዜ ሌላው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ያውም እየተሰደብኩ፣ "ቶሎ በል እንጂ" እየተባልኩ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ በአንድ በኩል ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደል ጭጋግ ሞልቶት ነበር። በሰሜን በኩል አምባ ከአምባ ላይ ተደራርቧል።

"መቅደላ ከዚህ ይታያል?" አለኝ።

እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። አይታይም። ሌላ ጊዜ "አይታይም" እላለሁ፣ ያኮርፋሉ፣ እንወርዳለን። ያን ቀን ግን፣ "ያቻትና" ብዬ ስሟን እንኳ የማላውቃትን አንዲት አምባ ጠቆምኩለት። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመላት። ቆሞም አልቀረ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለአንዲት ስም አልባ ጉብታ!

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቆሎ አወጣሁ። እየቆረጠመ ያን ሁሉም የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ።

"ፊደል ሳትቆጥር ስትኖር ምን ይሰማህ ነበር?"

"ዕውር አልነበርኩም ጋሼ። አባቴ ሞተ፣ ማረሻው እኔን ጠበቀ፣ አለቀ።"

"አይ፣ ለማስቀየም አይደለም።"

"አልተቀየምኩም። ሁሉም ይጠይቃል።"

ቆሎ ዘገነና በለሰለሰ ድምፅ፣ "አንተስ፣ ትጽፋለህ?" አለኝ።

እዚህ ላይ "ማመልከቻ እጽፋለሁ" ማለት ነበረብኝ። እውነቱ እሱ ነው። እንዲያውም ያስቀው ነበር፤ ስቀን እንወርድ ነበር። እኔ ግን "አንዳንድ ጊዜ" አልኩ። ዓይኔን ወደ ገደሉ አድርጌ ነው ያልኩት፣ እንደሚያፍር ሰው።

"እስቲ አንዱን በልልኝ።"

በሕይወቴ አንዲት ስንኝ ገጥሜ አላውቅም። ጭንቅላቴን ብፈትሽ የራሴ የሆነ ነገር የለም። ያለው የእህቴ ሙሾ ነበር።

ስለ እህቴ ልንገር። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታለም ነው የምላት። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱን በጀርባዬ አዝዬ ወፍጮ ቤት አመላልሻታለሁ። ከፍ ስትል እንደ ጓደኞቿ ዐረብ አገር ልሂድ አለች። ደላላው፣ "በዚህ ስም ሥራ አይገኝም፤ የክርስቲያን ስም ነው፤ ቀይሩት" አለና ሌላ ስም ሰጠን። ያኔ እኔ ማንበብ ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነው። በቤተሰቡ ፊደል የሚያውቅ ትልቅ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የመታወቂያውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲሱን ስም ፊደሉን አሳምሬ፣ መስመሩን ሳልለቅ ጻፍኩት። በሰው ፊት ወረቀት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበርና ኮርቼ ነበር። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ታያለች። "ይኼ ነው ስሟ?" አለችኝ። "ለወረቀት ነው" አልኳት።

ልጅቱ አራት ዓመት ሠራች። የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አለበሰች። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከእሷ ጋር የምትሠራ የከላላ ልጅ ደወለች። ታማ ነበር አለች፣ ሳይነግሩን ቀበሯት አለች። ሬሳ አልመጣም። የመጣው አንድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እኔ የጻፍኩት ስም ነበር።

ሬሳ ሳይኖር ሲለቀስ ልብስ ነው የሚዘረጋው። ቀሚሷን ዘርግተን አለቀስን። እህቴ ሙሾ አውራጅ አልነበረችም፤ በሰው ለቅሶ ከኋላ ሆና የምትቀበል ሴት ናት። ያን ቀን ግን ተነሥታ ቆመችና እንዲህ አለች፦

በሰው ስም ተሳፍራ በሰው ስም ቀበሯት፣
መልአኩ ሲመጣ በምን ስም ይጥራት?

ቆርቆሮ ላክሽልኝ ዝናብ እንዳይጎዳኝ፣
ጣራው አያፈስም ዓይኔ ነው የከዳኝ።

ከዚያ የልጅቱን ስም ጠራች።

… ልበልሽ በዚያው በጥንቱ ስም፣
ወረቀት ቢክድሽ እናት አትክድሽም።

ነጥብ ያደረግሁበት ቦታ ላይ ስሟ ነው ያለው። "በአንተ ወሬ መሐል አይግባ" ብላ እዚህ ወረቀት ላይ እንዳልጽፈው እህቴ ከልክላኛለች። ቄሱ ያን ቀን፣ "አይዞሽ፣ መልአክ ፓስፖርት አይጠይቅም" ብለው ሊያጽናኗት ሞከሩ። እኔ ድንኳኑ ጥግ ላይ ነበርኩ። ሙሾው ውስጥ ያለውን ወረቀት የማን እጅ እንደጻፈው ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ይህንን ነው ለገጣሚው ያልኩት። የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውን እንዳለ አልኩት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ስሟ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥሁት። ስሟን ብጠራ የእኔ ግጥም አይሆንማ። "ልጄ ልበልሽ" አልኩ።

ሰውየው ቆሎውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። "ድገምልኝ" አለና በእርሳስ ጻፈው። ከዚያ አንገቱን ነቅነቅ አደረገ።

"የመጨረሻዋ ቤት ትንሽ አነከሰች። አንድ ነገር ጎድሏታል። ይሰማሃል?"

"አስተካክለዋለሁ።"

"ልጅቱ ማን ናት?"

"ማንም አይደለች። ከራሴ ነው የፈጠርኳት።"

ይህን ቃል በአፌ ተናግሬዋለሁ። በጀርባዬ ላይ የሸናችብኝን ልጅ ነው።

"ከሰዓት ከእኔ በፊት የምታነበው አንተ ነህ" አለኝ። "እምቢ ብትል እኔም አላነብም።"

እምቢ አላልኩም። ስንወርድ እኔ ነኝ የፈጠንኩት፤ እሱ ከኋላዬ "ቀስ በል ወዳጄ፣ ጉልበቴን!" ይል ነበር። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ስሰጋ የዋልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እህቴ። ከለቅሶው ወዲህ ሰው የሚሰበሰብበት አትሄድም፤ ቤተ ክርስቲያንና ቤቷ ብቻ ነው። አትመጣም፣ አልኩ ለራሴ። ለቅሶዋስ ሌላ ሰው ሳይሰማው ለምን ይቀራል? ከመቃብር በላይ ይዋል፣ ይታወቅላት እንጂ! እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ሲያሳምን ሥራዬ ማመልከቻ ነውና አውቀዋለሁ፤ "ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት" የሚባለው ዓይነት ነው።

ንባቡ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ነው። ዴስክ ከክፍል አውጥተው ደርድረዋል። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ፣ ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ። ሼኹና ቄሱ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ድምፅ ማጉያው እየጮኸ አላስቸገረም አይባልም።

"ግጥም ከሆነማ መንዙማም ግጥም ነው፤ አንድ ልበላ?" አሉ ሼኹ።

"ተዉ፣ እርስዎ ከጀመሩ እኛ እራት አንበላም" አሉ ቄሱ።

ሰው ሳቀ። ቀኑ የደስታ ቀን ነበር። ርእሰ መምህሩ ያንኑ የፈረደበትን ንግግር፣ ትናንት በጣቱ ይፈርም የነበረውን ሰው፣ አሰማ። ተጨበጨበልኝ። ተነሥቼ ወረቀቴን ዘረጋሁ።

ቀና ስል እህቴ በበሩ ስትገባ አየሁ።

ጥቁሯን ለብሳለች። ጎረቤታችን፣ ሙስሊም ናት፣ ከእህቴ ጋር በአንድ ወንዝ ውኃ ሲቀዱ ያረጁ ናቸው፣ እጇን ይዛ ታስገባታለች። በኋላ እንደሰማሁት ሮጣ ቤቷ ድረስ ሄዳ፣ "ወንድምሽ በሰው ፊት ሊያነብ ነው፤ ወላሂ አትቀሪም" ብላ ያስነሣቻት እሷ ናት። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። ከልጅቱ ሞት ወዲህ ፊቷ ላይ ያላየሁትን አየሁ። ኮርታብኛለች።

ወረቀቱን ማጠፍ ይቻል ነበር። ሆዴን አመመኝ ማለት ይቻል ነበር። በኪሴ የአንድ ሰው የውኃ ቦይ ክስ ነበረኝ፤ እሱን ባነበው እንኳ ይሻል ነበር፤ ይስቁብኝና ያልፋል። ገጣሚው ከጎን ሆኖ አንገቱን ነቀነቀልኝ። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን አፌ ላይ ተክሏል።

አነበብኩ።

"በሰው ስም ተሳፍራ" ስል ሴቶቹ መሐል አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። "ጣራው አያፈስም" ስል አንዲት አሮጊት "ዋይ!" አሉ። ሁለት ሴቶች ተነሥተው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "ልጄ ልበልሽ" ብዬ ስጨርስ አስተማሪዎቹ ተማሪዎቹን "አጨብጭቡ!" አሉና ጭብጨባው ቀለጠ፤ በግራ በኩል ደግሞ ለቅሶ ነበር። ጭብጨባና ለቅሶ በአንድ ግቢ።

ገጣሚው ግጥሙ የነካቸው መሰለው። አልገባውም። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። በእኛ አገር ሙሾ ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው ይወሰዳል፤ ማንም ሰረቅኸኝ አይልም፤ የሟቹ ስም እየተተካ ይባላል። ስም የሌለው ሙሾ ግን አይባልም። ሴቶቹ የሚሉት፣ ለማን እንደሆነ ያልተነገረ ሙሾ ባለቤቱን ይፈልጋል፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ይወርዳል ነው። እዚያ ከተቀመጡት እናቶች ግማሾቹ ልጃቸው ዐረብ አገር ናት። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ በደስታ ቀን፣ ባሕር ማዶ ለሞተች "ልጄ" አለቀስኩ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ሳልናገር። እያንዳንዷ የራሷን ልጅ አሰበች። አንዷ ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ፣ "የእኔዋ ሁለት ሳምንት አላነሣችም! አንሺ በሏት! ማነው ካርድ ያለው?" እያለች ግቢውን ዞረች። ሼኹ አቀርቅረው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቄሱ አማተቡ።

እህቴ ብቻ አላለቀሰችም። ከዛፍ ሊወድቅ ያለ ሰው እንደሚታይ ነው ያየችኝ።

ገጣሚው ወደ ሴቶቹ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ለእህቴ፣ "እናቴ፣ ግጥሙ ልብዎን ነካው?" አላት።

ጎረቤቷ ቀደመች። "ኧረ ምን ግጥም ነው እሱ! ይኼማ የሷ—"

"ዝም በይ!" አለቻት እህቴ። ከዚያ ለሰውየው፣ "የወንድሜ ነው። እሱ ነው ያለው" አለች።

"እህቱ ነዎት? ታድለዋል።"

"አዎ" አለች። "ታድያለሁ።"

እኔ ሁለት እርምጃ ብቻ ርቄ ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ነበር።

ገጣሚው ከዚያ የራሱን አነበበ። አንዱንም አልሰማሁም። የሰማም ያለ አይመስለኝም፤ ግማሹ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ ነበር። የዚያች ካርድ ስትለምን የነበረችው ሴት ልጅ ሲመሻሽ ተገኘች፤ ደኅና ናት። ሴትየዋ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ስታየኝ ሰላም አትለኝም። ትክክል ናት።

ወደ ቤት ስንሄድ እህቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጎረቤቷ የምናወራው እንዳለን አውቃ ወደ ኋላ ቀረችልን። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረችው፣ ሳትዞር።

"ጮክ ብለህ አነበብክ።"

"እታለም…"

"ድሮ ድምፅ አልነበረህም።"

"እታለም፣ ሰውየው ጠየቀኝና…"

"ስሟን የት አደረስከው?"

ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"ሌላውን ውሰደው" አለች። "ሙሾ ነው፣ ይወሰዳል። እኔም ውስጡ ከአክስታችን የወሰድኩት አለበት። የኔ ነው በል፣ ለዓለም ንገር፣ አብሽር። ስሟን ግን ለምን ነጠልክብኝ? አንዴ ቀየርከው። ቀይሩ አሉን፣ ለእንጀራ ነው፣ እኔም አጠገብህ ነበርኩ፣ ኃጢአቱ የሁለታችን ነው። ዛሬስ? ዛሬ ማን ቀይር አለህ?"

"ማንም" አልኩ።

"ማንም" አለች እሷም፣ ቃሉን ከአፌ ተቀብላ። ከዚያ በሯ ጋ ስንደርስ ግባ አላለችኝም። ከተወለድኩ ጀምሮ እህቴ በር ላይ መልሳኝ አታውቅም።

ከሳምንት በኋላ ገጣሚው ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል። ከየአገሩ የሰበሰባቸውን ግጥሞች አንድ መጽሐፍ ሊያደርግ ነው፤ የእኔን በስሜ ሊያትም ፈቃዴን ይጠይቃል። "መልሼ እደውላለሁ" አልኩት። አራት ቀን አልደወልኩም። ማፈር ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር፣ ስሜን መጽሐፍ ላይ ማየት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላም ፈልጌ ነበር። በአራተኛው ቀን እህቴ ቤት ሄጄ፣ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነገርኳት።

እህል ታበጥር ነበር። ሰፌዱን ሳታስቀምጥ፣ "መጽሐፍ ይጠፋል?" አለች።

"እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም።"

"እንግዲያ በስሟ ይሁን። የእኔን ተወው። የአንተንም ተወው።"

እዚያው ደጃፏ ላይ ሆኜ ደወልኩ። እየሰማችኝ ማለት ስለነበረብኝ ነው። ሙሾው የእህቴ ነው፣ ልጅቱ ልጇ ናት፣ አልፈጠርኳትም፣ ሞታለች አልኩት። መቅደላንም ልነግረው ነበር፤ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

"ያቺ ያነከሰችው ቤት…" አለ ሰውየው።

"ስሟ ነበር ያለው።"

"እህትህን ታድለዋል ስላቸው አጠገባችን ቆመህ ነበር።"

"አዎ።"

"ሙሉውን፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ጽፈህ ላክልኝ።" ስልኩን ዘጋው። ደኅና ሁን አላለም።

እህቴ ግባ አለችኝ። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"በወሬ አይመጣልኝም" አለች። "በለቅሶው ዜማ ካልሆነ አይመጣም።"

"በፈለግሽው በይው።"

ጀመረች። የመጀመሪያውን ቤት ሳልጨርስ ሁለተኛው ላይ ደረሰች። "ቆይ እታለም!" አልኳት። ቆመች። ጻፍኩ። "ቀጥዪ" ስላት ከቆመችበት መቀጠል አልቻለችም፤ ከመጀመሪያው መጀመር ነበረባት። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና አለቀሰች፣ እንደገና እጄ ወደ ኋላ ቀረ። "ቆይ!" አልኩ። በሦስተኛው ድምፅዋ ተሰበረ። አንዲት እናት ልጇን በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ እንድትቀብር አደረግሁ፤ እጄ ስለሚዘገይ።

ያኔ ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። የመንደሩ ሴቶች የለቅሶውን ዜማ ሰምተው አዲስ መርዶ የመጣ መስሏቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እየጮኹ ይመጣሉ። ያቺ ጎረቤት ከፊት ናት፣ ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ። በሩ ላይ ወጣሁ።

"ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም!"

"ታዲያ ምንድን ነው?" አለች ጎረቤቷ፣ እያለከለከች።

"ሙሾውን እየጻፍን ነው። እስከነስሟ።"

እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየች፣ ወረቀቱን አየች። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ተኩል ነበር።

"ይኼን ብቻ?" አለች።

"ትፈጥንብኛለች።"

ለሰው የማይነገር ነገር በዓይኗ አለችኝ። ከዚያ ገፋ አድርጋኝ ገባች፤ ሌሎቹም ተከትለው ገቡና እህቴን ከበው ተቀመጡ። ጎረቤቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ "በይ አንቺ አውርጂ፣ እኛ እንቀበልሻለን። እሱ እስኪጽፍ እንይዝለታለን" አለች።

እህቴ አንድ መስመር ትላለች፤ ሴቶቹ ያንኑ መስመር ተቀብለው ይደግሙታል፣ ይደግሙታል፤ ጎረቤቷ እጄን እያየች፣ ስጨርስ በአገጯ ምልክት ትሰጣለች፣ እህቴ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ለሕፃን ጉርሻ እንደሚጠበቅለት ነው የጠበቁኝ። ስሟ ያለበት መስመር ላይ ስንደርስ ፊደሉ ተበላሸብኝ፤ ሰርዤ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ሴቶቹ አላቆሙም። የልጅቱን ስም ደጋግመው ጠሩት፣ እስክጨርስ ድረስ።

ሲያልቅ ጎረቤቷ፣ "እስቲ አንብበው" አለች። አነበብኩላቸው፣ ቀስ ብዬ። ስሟ ላይ ስደርስ እህቴ ራሷን ነቀነቀች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ወደየሥራቸው ሄዱ። እግዜር ይስጥህ ያለኝ የለም።